የመንገድ ዳሩ ሰሌዳ የሚለውና የማይለው

ዴንቨር ወይም ኦሮራ ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን ይህን መንገድ ሳትሄዱበት አትቀሩም፤ እስካሁን ካልሄዳችሁም አንድ የትምህርት ቤት እረፍት ላይ ተራችሁ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣ እንግዳ «የሎውስቶንን ሳላይማ አልመለስም» ይላል፤ ፈቃድ ይወሰዳል፤ መኪናው ላይ ውሃ፣ ብስኩትና ዳቦ ቆሎ ይጫናል፤ ከዚያ በኢንተርስቴት 25 ወደ ሰሜን ነው። ሻያን ከተማ ይታለፋል፣ ካስፐር ይታለፋል። ከካስፐር በኋላ ያለው ሜዳ ብቻ ነው፦ ቢጫ ሣር፣ የሽቦ አጥር፣ ጥቁር ከብት፣ ንፋስ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ፣ እንግዳው ያንቀላፋል፣ ሾፌሩ ብቻውን ይቀራል።

እኔ በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሦስቱም ጊዜ ከአስፋልቱ ዳር አለፍ አለፍ ብለው የቆሙትን የታሪክ ሰሌዳዎች አይቻቸዋለሁ፤ አንዱንም ግን አላነበብኩም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የታሪክ ሰሌዳ ማለት በመስኮት በኩል ሽው ብሎ የሚያልፍ ቡናማ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ በአራተኛው ጉዞ ግን እናቴ አብራን ነበረች። የእናቴ ጉልበት ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መቀመጥ አይችልም። መውረድ፣ መቆም፣ ጥቂት መራመድ አለባት። መኪና ማቆሚያ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው ዘንድ ነው። የዚህ ጽሑፍ መነሻ የእናቴ ጉልበት ነው ብል አልዋሸሁም።

እንግሊዝኛ ስለማታነብ የአስራ ሁለት ዓመቱ ልጄ አስተርጓሚ ሆነ። አማርኛው የቤት አማርኛ ነው፤ «ጦር ሠራዊት» የሚለውን ቃል እዚያው መንገድ ላይ ነው የተማረው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈን ነገር ለአያቱ መተርጎም ያለበት ልጅ እንዴት አድርጎ እንደሚያነብ ብታዩ ትገረማላችሁ። ያልገባውን መዝለል አይችልም፤ አያት አታሳልፍማ።

ልወስዳችሁ የፈለግሁት ቡፋሎ ወደምትባል ከተማ ነው። በሰሜን ዋዮሚንግ፣ ከቢግሆርን ተራሮች ግርጌ ያለች፣ 4,400 ገደማ ሰው የሚኖርባት የከብት አርቢዎች ከተማ ናት። ከዴንቨር የስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ኢንተርስቴት 25 እዚያ ያልቅና ከ90 ጋር ይገናኛል። ወደ የሎውስቶን የሚሄድ ሰው ተራራውን ከመውጣቱ በፊት የሚያድርባት ናት። ስሟን የሰማ ሁሉ ከዱር ጎሽ ጋር ያያይዘዋል፤ እዚያ የሚተረከው ግን ሌላ ነው፤ መሥራቾቹ ስም በዕጣ ሲያወጡ የኒውዮርኳ ቡፋሎ ወጣች ይባላል። ከእሷ በስተደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ኬሲ አለች። የኬሲ ነዋሪ 300 እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ከተሞች መካከልና ከቡፋሎ አልፎ ጥቂት ወደ ሰሜን ያለው መንገድ በሰሌዳ የበለጸገ ነው። ከዚህ ሁሉ ሦስት ቦታ ብቻ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሰሌዳው ራሱ ጥቂት ልበል። እነዚህ ሰሌዳዎች የመኪና ልጆች ናቸው። የአሜሪካ ቤተሰብ መኪና ገዝቶ ሀገሩን መዞር ሲጀምር ቨርጂኒያ በ1927 የመጀመሪያዎቹን የሀይዌይ የታሪክ ሰሌዳዎች አቆመች፤ ዋዮሚንግም በዚያው ዓመት የታሪክ ቦታዎች ኮሚሽን አቋቋመች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊትም ቢሆን ድንጋይ የሚያቆሙ ማኅበራት ነበሩ። የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች የሚባለው ማኅበር ሰፋሪዎች በጋሪ ወደ ምዕራብ በተጓዙበት በኦሬገን መንገድ ላይ ብዙ ምልክት አኑሯል። ስለዚህ ሰሌዳ ስታገኙ ከላይ አትጀምሩ። መጀመሪያ ታችኛዋን ትንሽ መስመር እዩ፤ ማን አቆመው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ሾፌር ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው የሚቆመው፤ አንድ ጦርነት በሁለት ደቂቃ ጽሑፍ ሲነገር የሚቀረው ነገር ብዙ ነው፤ ምን እንደሚቀር የሚወስነው ደግሞ ጸሐፊው ነው።

አሁን ወደ ኬሲ። የከተማዋ ስም ራሱ ከብት ላይ የሚተኮስ ምልክት ነው፦ «ኬ» እና «ሲ»፣ ሁለት ፊደል። በ1880ዎቹ እዚህ አጥር የሚባል ነገር አልነበረም። መሬቱ የመንግሥት ነው ይባላል፤ የትልልቆቹ ባለሀብቶች ከብት በሺህ እየሆነ በየሜዳው ይሰማራል፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ጎኑ ላይ በጋለ ብረት በተተኮሰው ምልክት ብቻ ነው። በጸደይ ወቅት ካውቦዮች ከብቱን ሰብስበው ጥጃውን ሁሉ እንደ እናቱ ምልክት ይተኩሱታል። እናቱ የጠፋችበት፣ ምልክት የሌለው ጥጃ ግን የማን ነው? የጠቡ ሁሉ ሥር ይህች ጥያቄ ናት። በ1884 የወጣ ሕግ እንዲህ ያለውን ጥጃ ለከብት ባለሀብቶች ማኅበር ሰጠው። ማኅበሩ ሻያን ከተማ የተቀመጡ፣ አብዛኞቹ ከብታቸውን በዓመት አንዴ እንኳ የማያዩ ሀብታሞች ማኅበር ነበር። ጥቂት ላም ገዝቶ የራሱን ምልክት ያስመዘገበ ካውቦይ ደግሞ «ሊሰርቀን ነው» እየተባለ ሥራ ይከለከላል።

ከዚያ የ1886–87 ክረምት መጣ። በረዶው ሣሩን ሸፈነው፣ ከብቱ በቁሙ ደረቀ፣ ብዙ ባለሀብት ከሰረ። በሌላ በኩል መንግሥት በሰጣቸው 65 ሄክታር መሬት ላይ ጎጆ የሚቀልሱ ትንንሽ አርቢዎች በየዓመቱ እየበዙ መጡ። ባለሀብቶቹ ለደረሰባቸው ኪሳራ ሌባ ፈለጉ፤ በእርግጥ ሌባም አልጠፋም። ግን የቡፋሎ ዳኞች ጎረቤታቸውን አልፈርድም አሉ።

ኬሲ ያለው ሰሌዳ የሚናገረው ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 1892 ከሻያን አንድ ልዩ ባቡር ተነሳ። በውስጡ ባለሀብቶች፣ የእነሱ ሠራተኞችና ከቴክሳስ በገንዘብ የተቀጠሩ ተኳሾች፣ በጠቅላላው ሃምሳ ያህል ሰዎች ነበሩ። አንድ ሐኪምና ሁለት ጋዜጠኞች ሳይቀሩ አብረው ተሳፍረዋል። የሚገደሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ይዘዋል። ካስፐር ወርደው በፈረስ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡፋሎ ሲገሰግሱ መንገድ ላይ ኬሲ ራንች ያለችውን ትንሽ ቤት ከበቡ። ውስጥ ኔት ቻምፒየን ነበረ።

ቻምፒየን ከቴክሳስ የመጣ ካውቦይ ነው፤ ሁለት መቶ ያህል ከብት ነበረው ይባላል፤ ከባለሀብቶቹ ማኅበር ፈቃድ ውጭ ከብት ለመሰብሰብ የደፈሩ ትንንሽ አርቢዎችን ይመራ ነበር። ባለሀብቶቹ የሌቦች አለቃ ይሉታል። ሚያዝያ 9 ማለዳ ጓደኛው ኒክ ሬይ ከበሩ ሲወጣ ተመታ። ቻምፒየን ጎትቶ አስገባው፤ ሬይ በዚያው ቀረ። ቻምፒየን ብቻውን እስከ ማምሻው ተዋጋ። በጥይቱ መካከል ደግሞ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ የሚሆነውን ሁሉ ይጽፍ ነበር፤ ማን እንደቆሰለ፣ ከየት እንደሚተኩሱ፣ ብቸኝነቱን። ገዳዮቹ ሣርና እንጨት የጫነ ጋሪ በእሳት ለኩሰው ወደ ቤቱ ገፉት። ጭሱ ሲያስወጣው ሮጠ፤ ሜዳው ላይ ገደሉት። ደረቱ ላይም የከብት ሌባ ይጠንቀቅ የሚል ወረቀት ሰኩበት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ከነልጆቻችሁ። ያ ወረቀትም እኮ ሰሌዳ ነው። ስለ ሰውየው የተጻፈው የመጀመሪያው ሰሌዳ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ጸሐፊው ገዳዩ ነው፣ የሚጠራው ቃል ደግሞ አንድ ብቻ፦ ሌባ። ደብተሩ ግን ተገኘ። አብረው የመጡት ጋዜጠኞች እጅ ገብቶ በጋዜጣ ወጣ። ዛሬ ቻምፒየንን የምናውቀው በወረቀቱ አይደለም፤ በደብተሩ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው በዋዮሚንግ ያለ ፍርድ ዛፍ ላይ የተሰቀለችው ኤላ ዋትሰን ደብተር አልነበራትም። የራሷ መሬት፣ የራሷ የተመዘገበ የከብት ምልክት የነበራት ሴት ናት፤ ሐምሌ 20 ቀን 1889 ከጂም አቨረል ጋር ሰቀሏት። የሻያን ጋዜጦች ብዙም ሳይቆዩ ሴተኛ አዳሪና ከብት ሌባ አደረጓት፤ የቅጽል ስምም ለጠፉባት። ታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ስም ከላይዋ ለመፋቅ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

ልጄ ኬሲ ላይ ይህን ሁሉ ለአያቱ ለማስረዳት ሲታገል ትንሿ እህቱ «እና ሰርቆ ነበር ወይስ አልሰረቀም?» ብላ አፋጠጠችው። እኔም ይህን ጥያቄ ሸሽቼ አላልፍም። የተፈረደበት ነገር የለም። ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ምስክር ተሰምቶበት፣ ሌባ የተባለ ሰው አይደለም። መልሱ ይኸው ነው፤ ለስምንት ዓመት ልጅም በቂ ነው።

ከኬሲ ወደ ቡፋሎ ስትሄዱ፣ ከተማው ሊደረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ቲኤ ራንች አለ። ስለ ከበባው የሚናገረው ሰሌዳ መንገድ ዳር ነው፤ ራንቹ ግን የግል ንብረት ስለሆነና ዛሬም ከብት ስለሚረባበት ያለ ፈቃድ ዘው ብላችሁ አትግቡ። ልጆች በጣም የሚወዱት ክፍል ይሄኛው ነው። ቻምፒየን ሲከበብ በአጋጣሚ በጋሪ ያልፍ የነበረ ጃክ ፍላግ የሚባል ጎረቤት አምልጦ ቡፋሎ ገባ። (ጋሪውን ጥሎ ነበር ያመለጠው፤ ቤቱን ያቃጠሉበት ጋሪ እሱ የተወው ነው።) ከተማው ተንቀሳቀሰ። ሮበርት ፉት የሚባል ሽማግሌ ነጋዴ ነጭ ጺሙን እያርገበገበ፣ ጥቁር ፈረስ ላይ ሆኖ፣ መሣሪያ የሌለው ሁሉ መጥቶ ከሱቄ ይውሰድ እያለ በየመንገዱ ዞረ። ሸሪፉ ሬድ አንገስ ሰው አሰባሰበ። ሊገድሉ የመጡት ቲኤ ራንች ውስጥ ተሸሸጉ፤ ከሚያዝያ 11 እስከ 13 ከ200 በሚበልጥ ሰው ተከበቡ። ከተሜዎቹ ከማረኩት ጋሪ ላይ በግንድ የታጠረ ተንቀሳቃሽ ምሽግ ሠሩ። ከዚያው የተማረከውን ድማሚት ጭነው ወደ ቤቱ መግፋት ሲጀምሩ፣ ልክ እንደ ፊልም፣ የመንግሥት ፈረሰኛ ጦር ደረሰ።

ጦሩ የመጣው የተከበቡትን ለማዳን ነው። ከራንቹ ሾልኮ የወጣ መልእክት ለተጠባባቂው ገዥ ደረሰ፤ ገዥው ወደ ዋሽንግተን ቴሌግራም ላከ፤ ሁለቱ የዋዮሚንግ ሴናተሮች፣ ጆሴፍ ኬሪና ፍራንሲስ ዋረን፣ በሌሊት ዋይት ሃውስ ሄደው ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰንን አነጋገሩ። የታሰሩት ወደ ሻያን ተወሰዱ። ኬሲ ላይ ሁሉን ያዩ ሁለት አጥማጆች ነበሩ፤ ከግዛቱ እንዲጠፉ ተደረገ፤ ለዝምታቸው የተሰጣቸው ቼክም ስንቅ አልነበረውም። የጆንሰን ካውንቲ ካዝና የክሱን ወጪ መቻል አቃተው፤ ጥር 1893 ክሱ ተዘጋ። አንድም ሰው አልተቀጣም።

ታሪኩን ማን እንደተረከው ደግሞ ተመልከቱ። በ1902 የወጣው የኦወን ዊስተር ዝነኛ ልቦለድ «ዘ ቨርጂኒያን» ለባለሀብቶቹ ወገን ያደላ ነው፤ የካውቦይ ፊልም ሁሉ አባት የሚባለው መጽሐፍ ይኸው ነው። በ1980 የወጣው «ሄቨንስ ጌት» ፊልም ደግሞ የሰፋሪዎቹን ወገን ይዞ ተነሳ። ቡፋሎ በበኩሏ ውሳኔዋን በነሐስ አስቀምጣለች፤ መሃል ከተማዋ ላይ ቻምፒየን ጠመንጃውን ይዞ ሲሮጥ የሚያሳይ ሐውልት አለ፣ መቃብሩም ከኒክ ሬይ ጋር እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ግን ወደ ኋላ መለስ ብላችሁ አስቡ። ጠዋት በኢንተርስቴት 25 ሻያንን ስታልፉ ከመንገዱ በስተግራ አንድ ትልቅ የአየር ኃይል ሰፈር አልፋችኋል። ስሙ ኤፍ. ኢ. ዋረን ነው። ያ በሌሊት ፕሬዚዳንቱን ያነጋገረው ሴናተር። ዝም ብሎ የቦታ ስም መስሏችሁ ያለፋችሁት እሱም ሰሌዳ ነበር፤ ያውም ከሁሉም ትልቁ።

ቡፋሎ እደሩ። በ1880 የተከፈተው ኦክሲደንታል ሆቴል ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ ማደሪያው ከኪሳችሁ በላይ ከሆነ ገብታችሁ ቡና ጠጡና ሳሎኑን እዩ። የጂም ጋቼል ሙዚየምም እዚያው በእግር የሚደረስ ነው። ለልጆች የትም ከተነበበው ሰሌዳ ይልቅ እዚያ ያለው ዕቃ ይናገራል፤ አንድ ሰዓት መድቡለት።

ሦስተኛው ቦታ ከቡፋሎ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመጣሁበትም ዋና ጉዳይ እሱ ነው። ፎርት ፊል ካርኒ ይባላል። በ1866 የአሜሪካ ጦር ወደ ሞንታና ወርቅ የሚወስደውን የቦዝማን መንገድ ለመጠበቅ በላኮታ፣ በሻያንና በአራፓሆ ሕዝቦች የአደን ምድር መሃል የሠራው ምሽግ ነበር። ስለ መንገዱ ስምምነት እየተባለ በፎርት ላራሚ ንግግር ሲደረግ ጦሩ ምሽጉን ሊሠራ ከነጓዙ መጣ፤ የላኮታው መሪ ሬድ ክላውድ ይህን አይቶ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1866 እንጨት ሊቆርጡ የወጡ ሰዎች ላይ ጥቃት ተከፈተ፤ ካፒቴን ዊሊያም ፌተርማን ሊያድናቸው ወጣ። ጥቂት ፈረሰኞች እየሸሹ አባበሉት፤ ተከትሏቸው ከተራራው ማዶ ወረደ። ማዶ የሚጠብቁት ከሺህ በላይ ነበሩ። አብረውት የወጡት 80 ሰዎች፣ ከእሱ ጋር 81፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ አለቁ። ፌተርማን በ80 ሰው የላኮታን ምድር ሁሉ አቋርጣለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር የሚለውን ወሬ ብዙ ቦታ ታነቡታላችሁ፤ ቁጥሩ ልክ መግጠሙ ራሱ ያጠራጥራል፤ ዛሬ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች አይቀበሉትም።

ኮረብታው አናት ላይ ከክብ ድንጋይ የተካበ ረጅም ሐውልት አለ። በ1908 ሲመረቅ የምሽጉ አዛዥ የነበረው ሄንሪ ካሪንግተን በእርጅናው መጥቶ ንግግር አድርጓል። ሐውልቱ ላይ የነሐስ ጽሑፍ ተለጥፏል። እናቴ በዙሪያው ባለው የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀመጠች፤ ንፋሱ ነጠላዋን ይነጥቃታል። ልጄ መተርጎም ጀመረ። ይህን ያህል መኮንኖች፣ ይህን ያህል ወታደሮች፣ አራት ሲቪሎች፣ በሬድ ክላውድ በሚመራ እጅግ ብዙ የሱ ጦር ተገደሉ። ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር አነበበ።

«ማንም አልተረፈም ይላል፣ እማማ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «የገደሏቸውስ?»

«እነሱማ ተርፈዋል።»

«ታዲያ ምነው ማንም አልተረፈም አለ? አንተ ልጅ፣ ደህና አድርገህ አንብብልኝ።»

ደግሞ አነበበ። ያው ነው። ጎንበስ ብሎ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካው፤ የተሳሳተው እሱ መስሎት። «እማዬ፣ ነይ እስኪ» ብሎ ጠራኝ። እኔም አነበብኩት። ልጁ አልተሳሳተም።

ያ ሰሌዳ ከሺህ በላይ ሰው ከተረፈበት ሜዳ ላይ ቆሞ ማንም አልተረፈም ይላል። ጸሐፊዎቹ ዋሽተው አይመስለኝም፤ ይልቅ «ሰው» ሲሉ ማን ማንን እንደሚቆጥሩ ሳያስቡት ነው የነገሩን። ሌላም ስህተት አለበት። የሞቱት ሲቪሎች ሁለት ናቸው እንጂ አራት አይደሉም፤ ጄምስ ዊትሊና አይዛክ ፊሸር። የተዋጉትም ሱ የተባሉት ላኮታዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሻያኖችና አራፓሆዎች ነበሩ። ሬድ ክላውድ ራሱ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ መገኘቱ አከራካሪ ነው። ቦታውንም ሰዎች ለረጅም ጊዜ የእልቂት ኮረብታ ይሉት ነበር፤ ላኮታዎች ግን ያን ቀን «መቶ በእጅ» በሚል ስም ነው የሚያስታውሱት። ለአንዱ እልቂት፣ ለሌላው ድል።

ሐውልቱ ይነሳ ወይስ ይቆይ? ብትጠይቁኝ ይቆይ ባይ ነኝ። ያለቁት ወታደሮችም የሰው ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ደሞዝ ፍለጋ የተቀጠሩ ድሆች ነበሩ። ከዚያ በላይ ግን በ1908 እንዴት ይታሰብ እንደነበር ከዚያ ነሐስ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም። ደስ የሚለው ቦታው ላይ የቆመው እሱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ከሐውልቱ ጀርባ በሸንተረሩ ላይ የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፤ በዳሩ የላኮታን፣ የሻያንንና የአራፓሆን ወገን የሚናገሩ አዳዲስ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ልጄ እነዚያን ለብቻው ሄዶ አነበባቸው። ሲመለስ ጠየቅሁት፤ «ይሄኛው ረጅም ነው» ብቻ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መኪና ውስጥ ነው የነገርኳቸው። ጦርነቱ በ1868 በፎርት ላራሚ ውል አለቀ፤ ጦሩ ምሽጉን ጥሎ ወጣ፤ ተዋጊዎቹም አቃጠሉት። ግን ስምንት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። ኅዳር 25 ቀን 1876 ከዛሬዋ ኬሲ ብዙም ሳይርቅ የመንግሥት ጦር የዳል ናይፍን የሻያን መንደር በማለዳ ከቦ ድንኳኑን፣ የክረምት ስንቁን፣ ልብሱን ሁሉ አቃጠለ፤ ያመለጠው ሕዝብ በበረዶ ተሰደደ። ከብቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትናንት ኬሲ ላይ «መሬቱ የመንግሥት ነበር» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍኩት ለካ ይህ ነው። እናንተም ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትነዱ ሰሌዳዎቹን የምታነቡት ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ መጀመሪያ ጥጃው የማን ነው ብለው የተጣሉትን ታገኛላችሁ፣ ቀጥሎ ሣሩ የማን እንደነበር። ልጄ ሲሰማኝ ቆይቶ «ቻምፒየንም እዚያ የመጣው በኋላ ነው ማለት ነው?» አለ። አዎ፤ እሱም በኋላ ነው የመጣው። ትናንት የወደደውን ሰው በዚያች ጥያቄ ትንሽ አሳነሰው መሰለኝ፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል አልተናገረም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በክረምት መንገዱ በበረዶና በንፋስ ይዘጋል። ካስፐር ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ ቀጥሎ ያለው ማደያ ሩቅ ነው። ውሃ አታሳንሱ። ሣር ውስጥ ልጆቻችሁ ክፍት ጫማ አድርገው እንዳይሮጡ፣ ጅራቱን የሚያንኳኳው እባብ እዚያ ሀገር አለ፤ ድምፁን ከሰማችሁ ቆም ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ከሐውልቱ ላይ ድንጋይ፣ ከሜዳውም ጥይት ቀለህ ማንሳት በሕግ ያስቀጣል። ከቡፋሎ ወደ የሎውስቶን የሚያሻግረው ሀይዌይ 16 ተራራውን እስከ 2,946 ሜትር ይወጣል፤ የደም ግፊት ያለበት እንግዳ ከያዛችሁ ቀስ እያላችሁ ንዱ። እኛ ያንን ተራራ ስንወጣ አራት ጊዜ ቆመናል። ሁለቱ ለእናቴ ጉልበት ነው። ሁለቱ ልጄ «ሰሌዳ! ሰሌዳ!» ስላለ።

እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች ስድስት ወር አልፏል። የሎውስቶንን ለጎረቤቶቿ ስትተርክ ፍል ውሃው ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም፤ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ነው ወሬው የሚረዝመው። ባለፈው እሁድ ስትደውል ልጄን አስጠራችው።

«ያን ጽሑፍ አረሙት ወይ?»

«አላረሙትም እማማ፣ እንዳለ ነው።»

«እንግዲያው አንተ ጻፍላቸው» አለችው። ደብዳቤው ለማን እንደሚላክ እየፈለግን ነው።